ከመኪናው ሥር ከመግባቱ በፊት

በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ክሪክ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የጋራዥ ወጪን ለመቆጠብ ዘይት የሚቀይሩ፣ የፍሬን ሸራ የሚያዩና ማርሚታ የሚያስሩ ባሎች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስት በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ስትል የምታየው ከመኪናው ሥር የወጡ ሁለት እግሮችን ብቻ ነው። ለመሆኑ ያንን መኪና ከደረቱ በላይ የያዘው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ መልሱ “ክሪኩ” የሚል ነው። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ክሪክ የተሠራው መኪና ለማንሳት እንጂ ሰው ሥር ገብቶ ሲሠራ ተሸክሞ ለመቆየት አይደለም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ ክሪክ ለጎማ ቅያሪ ብቻ የታሰበ ነው፤ መቆሚያው ጠባብ በመሆኑ መኪናው ትንሽ ሲገፋ ይዘማል። ሃይድሮሊኩ ጠንካራ ቢመስልም መኪናውን የሚይዘው በውስጡ የታፈነ ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ካረጀ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም በድንገት ይወርዳል። ትንሿ ቪትዝ እንኳ አንድ ቶን ገደማ እንደምትመዝን አንርሳ።

ስለዚህ ሥር የሚገባ ሰው የብረት መቆሚያ፣ ማለትም ስታንድ፣ ያስፈልገዋል። ሁለት ይሁኑ፤ የሚችሉት ክብደት ተጽፎባቸው ይሁን። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ዝናብ የመታው አፈር አይሆንም። ሞተሩ ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ማርሹም ይገባል። ቀጥሎ መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረጋል። በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነውና፣ የኋላው ከተነሳ የፊቶቹን በታኮ ማገድ ግድ ነው። ክሪኩም ሆነ ስታንዱ የሚያርፈው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሚያሳየው ቦታ ላይ እንጂ በዘይት ቋቱ ወይም በስስ ላሜራ ላይ አይደለም።

ስታንዶቹ ከገቡ በኋላ ክሪኩ ቀስ ብሎ ይለቀቅና ክብደቱ በእነርሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ማንም ሥር ሳይገባ መኪናውን በእጅ ገፋ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። የሚነቃነቅ ከሆነ እንደገና ይስተካከል። የተፈታ ጎማ ካለ ከመኪናው ሥር ማጋደም ጥሩ ተጨማሪ መጠባበቂያ ነው።

በየሰፈሩ የምናየው ብሎኬት ግን? ፈጽሞ! ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የተደራረበ ድንጋይም ይንሸራተታል።

በአሜሪካ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ ቸርቻሪ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ስታንዶችን እንዲመለሱለት ጠርቶ ነበር፤ ጥርሳቸው ሊያመልጥና መኪናውን ሊጥል ስለሚችል። በምትካቸው ከተሰጡት አንዳንዶቹም የብየዳ ጉድለት ተገኝቶባቸው በዚያው ዓመት ተጠርተዋል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ የሞዴል ቁጥሩን አጣሩ።

እዚህ ላይ ሚስትም ድርሻ አላት። እህቴ፣ እርሱ ከመተኛቱ በፊት “ስታንዱ ገብቷል?” ብለሽ ጠይቂ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ንዝንዝ ይሉት ይሆናል፤ ይበሉት። ቁልፉን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ፣ ልጆቹን ከመኪናው አርቂ፣ ማንም ውስጥ ገብቶ እንዳይቀመጥ ተከልክዪ። እርሱም ብቻውን ግቢ ውስጥ ሆኖ ሥር ባይገባ መልካም ነው። ክሪኩ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወርድ ያሳይሽ፤ ምክንያቱም መኪናው ቢወድቅበት በእጅ ለማንሳት መታገል ወይም እርሱን መጎተት ሳይሆን፣ ጎረቤት ጠርቶ ክሪኩን መልሶ በመትከል መኪናውን ማንሳት ነው የሚያዋጣው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ስታንድ የሌለው ሰው ጎማውን ይቀይር፤ ዘይቱን ግን ላቫጆ ወስዶ ያስቀይር። ለጎማም ቢሆን ብሎኖቹ ላላ የሚደረጉት መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ተነስቶ ሳለ መታገል ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። አጥብቆ ማሰሩም ጎማው መሬት ከነካ በኋላ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ ነው። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ደግሞ ቆም ብሎ እንደገና ማጥበቅ ይገባል።