ስለ ተሰወረው የእናቶች ሕመም

በየቤቱ ስለ ራስ ምታትና ስለ ወገብ ሕመም በግልጽ ይነገራል፤ ስለ አንድ ሕመም ግን እናት ለልጇ፣ ሚስትም ለባሏ ሳትናገር ዓመታት ያልፋሉ። ይኸውም ከወሊድ በኋላ የሚደርሰው ሽንት አለመቋጠርና የማኅፀን መውረድ ነው። ነገሩ የሚታከም ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ሳንሸፋፍን ልንጽፍ ወደድን።

የዚህ ሕመም ከባዱ መልክ ፌስቱላ ይባላል። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ ፊኛውን ከእናቲቱ የዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንትም ቀንና ሌሊት ይፈሳል። ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እናቲቱም ሽታውን ፈርታ ከዝክሩም ከቅዳሴውም ትርቃለች።

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆችን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። የእነዚህን ሴቶች ሥቃይ ባዩ ጊዜ ግን ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሰጡ፤ በ1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራው አልተቋረጠም።

ዛሬ ሐኪሞችን የሚያሳስበው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የቀዳዳው መደፈንና የሴቲቱ መድረቅ አንድ አይደለምና። ቀዳዳዋ በሚገባ ተሰፍቶ ሳለ ስትስል፣ ስትነሣ ወይም እንስራ ስትሸከም ሽንት የሚያመልጣት ሴት አለች። የፊኛዋ አንገት በጠባሳ ደርቆ፣ ወይም ፊኛው ራሱ ጠብቦ ይሆናል። እርሷ ግን ሕክምናው ከንቱ የሆነ መስሏት ዝም ትላለች፤ ዘመድም «አልዳነችም» ብሎ ይፈርዳል። እንዲህ ያለችው ሴት ተመልሳ መመርመር ይገባታል፤ አንዳንዷ በጡንቻ ልምምድ፣ አንዳንዷም በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ትረዳለችና። ፈጽሞ ሊጠገን ላልቻለ ጉዳትም ሆስፒታሉ ደስታ መንደር የተባለውን ሠፈር አቋቁሟል።

ፌስቱላ ያልነካቸው፣ ብዙ የወለዱና ከባድ ሸክም የተሸከሙ እናቶችም ፊኛንና ማኅፀንን ከታች የሚደግፉት ጡንቻዎች ይላሉባቸዋል። ልምምዱ ቀላል ነው፤ ሽንትን እንደሚገቱ ያህል ጡንቻውን ጥቂት ሰኮንድ አጥብቆ መልሶ መልቀቅ፣ ይህንንም በየቀኑ ደጋግሞ ቢያንስ ሦስት ወር መጽናት ነው። (በሽንት ጊዜ ግን መለማመድ አይገባም።) ማኅፀን የወረደባትን ደግሞ ሐኪም ለክቶ በሚያስገባው የላስቲክ ቀለበት ሊደግፋት ይችላል።

በሠለጠኑት አገሮችም ቢሆን ነገሩ አልተቋጨም። የወረደውን ማኅፀን ለመደገፍ በብልት በኩል ይገባ የነበረው ሰው ሠራሽ መረብ ሥጋን እየበላ ብዙ ሴቶችን ስላሠቃየ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ እንዳይሸጥ አዟል። አዲስ መሣሪያ ሁሉ የተሻለ ነው አይባልም።

ለባሎች አንድ ነገር እንጨምር። ከፌስቱላ የዳነች ሴት ዳግመኛ ብታረግዝ ምጥ ሳይጀምራት ወደ ሆስፒታል ልትወሰድና በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ይገባል፤ የተሰፋው ቦታ በምጥ ሊቀደድ ይችላልና። ሽንት የሚያመልጣትም ሴት ለመድረቅ ስትል ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ይህ ሽንቱን አወፍሮ ሽታውን ያብሳል፣ የፊኛም ጠጠር ያመጣልና፣ እንድትጠጣ አበርቷት።