እግርም እንደገና ይማራል

 

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ የኢሉባቦር ክረምት ረጅም ነው፤ ጭቃው ጤነኛውንም ያዳልጣል። ታዲያ በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሉ የዛለበት ሰው እንዴት ይራመድ?

ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። የአንጎል ግራ ክፍል ቢጎዳ የቀኝ እጅና እግር ይዝላሉ፤ ቀኙ ቢጎዳ ደግሞ የግራዎቹ። ቤተሰብ በዓይኑ የሚያየው ይህን መዛል ነው። በብዙ ሕመምተኞች ላይ ግን የማይታይ ሌላ ጉዳት አብሮ ይመጣል፤ እርሱም መደንዘዝ ነው። እግሩ የረገጠው ለስላሳ ይሁን ሻካራ፣ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፍ ይዘርጋ፣ ለአንጎል በትክክል አይነግርም። እንዲህ ያለው ሰው ጉልበቱ ቢመለስለት እንኳ እግሩን ካላየ መራመድ ይፈራል፤ በጨለማም ይወድቃል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ሕፃን አሊፍን ከባእ እስኪለይ ደጋግሞ እንደሚቀራ ሁሉ አንጎልም በድግግሞሽ ይማራል። ልምምዱም ውድ መሣሪያ አይሻም።

በመጀመሪያ ሕመምተኛው ጸጥ ባለ ቦታ ይቀመጡ። ልጃቸው ጣታቸውን ወይም ተረከዛቸውን በቀስታ ነክቶ፣ «አባባ፣ የነካሁዎት የቱ ላይ ነው?» ይበል። መጀመሪያ እያዩ፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመልሱ። ከተሳሳቱ ገልጠው ይዩ፤ በደህናው እግር ያነጻጽሩ፤ ከዚያም ይደገም። ሁለተኛ፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያደረጉ አቅጣጫውን መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፣ ቁጭ እንዳሉ ኬሻ፣ ፎጣ፣ ሰሌን ወይም በትሪ ላይ የተሰጣ ቡና ከእግራቸው ሥር እያደረጉ ማስለየት ነው። መቆም የሚችሉ ከሆነም ሰው ደግፏቸው ክብደታቸውን ቀስ በቀስ በደካማው እግር ላይ ያሳርፉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ እንዲህ ያለው ልምምድ የእግርን ስሜትና ሚዛን መጠበቅን ሊያሻሽል እንደሚችል አመልክቷል። አካሄድን ስለማሻሻሉ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ከመቆምና ከመራመድ ልምምድ ጋር አብሮ ይሠራ እንጂ አይተካው። የደም ግፊት መድኃኒትም አይቋረጥ። ከመጀመራችሁ በፊት በመቱ ካርል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ተቋም ባለሙያ አማክሩ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የደነዘዘ እግር ሙቀት አይለይምና በሞቀ የውዱእ ውሃ ሊቃጠል ይችላል። ውሃውን በደህናው እጅ ወይም በቤተሰብ እጅ አስቀድማችሁ ለኩ። የውስጥ እግሩም ቁስል እንዳይኖረው በየቀኑ ይታይ።

መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደለት እናውቃለን። ሆኖም «አይነሡ፣ እኛ አለን» እያልን ወላጆቻችንን ቀኑን ሙሉ ማስቀመጣችን ርኅራኄ ቢመስልም እግሩን ይበልጥ ያደክመዋል። ወጣቶች ሆይ! ከትምህርት ስትመለሱ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ እግር ሥር ቁጭ በሉ፤ ንኩ፣ ጠይቁ፣ ደጋግሙ። ለውጡ በወራት እንጂ በቀናት አይመጣምና ሶብር አድርጉ።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።