«ሕመሙ ሳይለቅህ አትነሣ»

ካምፓላ ውስጥ ቦዳ ቦዳ ከሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ወድቀው አጥንታቸው ከሚሰበር ሰዎች ብዙዎቹ ሙላጎ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ስብራቱ ከገጠመ በኋላ ስለ ሕመምና ስለ መራመድ የሚሰሙት ወሬ አዲስ አበባ ከሚወራው አይለይም።

«ሕመሙ ሳይለቅ መንቀሳቀስ አይገባም።»
ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ መጠነኛ ሕመም እያለም መንቀሳቀስ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። በ2014 የታተመ አንድ ትንተና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን 86 የታካሚ ስብስቦች አገናዝቧል። ውጤቱም «እያመመኝም ይህን መሥራት እችላለሁ» ብለው የሚያምኑ ታካሚዎች የዕለት ተግባራቸውን በተሻለ እንደሚወጡና ሕመማቸውም ቀለል እንደሚል ያሳያል። ስህተቱ የማይነቀለው ምክሩ መጀመሪያ ላይ ትክክል ስለነበረ ነው፤ ገና የተሰበረ እግር በእርግጥ ዕረፍት ይሻል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን «ተኛ» ያለው ሰው «ተነሥ» ለማለት አይመለስም። አስታማሚውም አለ፦ ሙላጎ ውስጥ ምግብ የሚያቀርበውም ታካሚውን የሚያጥበውም በአብዛኛው ዘመድ ነው። ፍቅሩ አይጠረጠርም። ታካሚው ውኃውን ራሱ መቅዳት ሲችል «ተው፣ እኔ አመጣልሃለሁ» የሚባል ከሆነ ግን አቅሙን የሚፈትንበት አጋጣሚ ያጣል።

«የሚያመው የራጅ ፊልሙ ላይ የታየውን ያህል ነው።»
ምስሉና ሕመሙ ሁልጊዜ አይገናኙም፦ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች አከርካሪ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ሲታይ፣ የዲስክ መጎዳት በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል።

«እሱ ተፈጥሮው ጠንካራ ነው።»
ጥንካሬ የሚመስለው ብዙ ጊዜ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳስረዳው ይህ እምነት የሚገነባው በዋነኛነት ሠርቶ በማየት ነው፤ ቀጥሎም መሰሉ ሰው ሲችል በማየት። በጎኑ የተኛው ባልደረባ ክራንቹን ይዞ በር ሲደርስ ማየት ከብዙ ማበረታቻ ንግግር ይበልጣል።

«እንግዲያው ሕመም ሐሳብ ነው፤ መድኃኒት ምን ያደርጋል?»
ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ካምፓላ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ በተለይ ለካንሰርና ለኤችአይቪ ታካሚዎች የሚጠጣ ሞርፊን ሲያዳርስ የኖረው ሕመሙ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ከስብራት የሚያገግመውም ቢሆን ማስታገሻው ልምምዱን የሚጀምርበት ፋታ ይሰጠዋል፤ እምነቱን አይተካበትም።