ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ፦ የኮአክሲያል ኬብልና የኮኔክተር አመራረጥ

መግቢያ

በዛሬው ጽሑፌ ለዕረፍት ደጎሎ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ የገጠመኝን መነሻ አድርጌ፣ ለሬዲዮ ሞገድ ሥራ ኬብልና ኮኔክተር እንዴት እንደሚመረጥ ባጭሩ አቀርባለሁ። መልካም ንባብ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች በኢትዮሳት በኩል በምሥራቅ 57 ዲግሪ ባለችው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት መተላለፍ ሲጀምሩ፣ እንደ ብዙው ሰው እኛም ዲሻችንን አዞርን። ዛፍ እንዳይከልለው ብለን ግቢው ጥግ ላይ ስለተከልነው ኬብሉ 60 ሜትር ያህል ሆነ። የተገዛው ደግሞ ርካሹ ነበር። ሰማዩ ሲጠራ ሥዕሉ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ግን ይቆራረጥና ጭራሽ ይጠፋል። እኔ «የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ» ነኝና ተጠየቅሁ። ምንም ሳልለካ «ሪሲቨሩ ነው የተቃጠለው» አልኩ። አባቴ በግ ሸጦ አዲስ ሪሲቨር ገዛ። ሥዕሉ ግን ያው! ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነበር?

1. 50 ወይስ 75 ኦም?

ኮአክሲያል ኬብል መሀል ላይ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ ወይም ፎም፣ ከዚያ የተጠለፈ ሽቦና ፎይል፣ ከላይ ደግሞ ሽፋን አለው። ሞገዱ የሚጓዘው በሁለቱ ብረቶች መካከል ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ነው። የኬብሉን ኢምፒዳንስ የሚወስነውም የሁለቱ ብረቶች የስፋት ንጽጽርና የፕላስቲኩ ዓይነት ነው እንጂ የኬብሉ ርዝመት አይደለም።

በመሀሉ አየር ብቻ ያለበት ኬብል ብክነቱ የሚያንሰው 77 ኦም አካባቢ ሲሆን፣ ብዙ ኃይል የሚሸከመው ደግሞ 30 ኦም አካባቢ ነው። 50 ኦም የሁለቱ አማካይ ስለሆነ ለማሰራጫና ለመገናኛ ሬዲዮ ተመረጠ። 75 ኦም ደግሞ ለቴሌቪዥንና ለዲሽ። ሁለቱን ብንቀላቅል 4 በመቶ የሚሆነው ኃይል ተመልሶ ይመጣል። ለዲሽ ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ ለማሰራጫ ግን ባይደረግ ይመረጣል።

2. ብክነት

ብክነት በዴሲቤል ይለካል፤ 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ብክነቱም ይጨምራል። ለምሳሌ 50 ዋት የሚያወጣ የ150 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ አለን እንበል። በ20 ሜትር አርጂ 58 ቀጭን ኬብል ወደ 4 ዴሲቤል ይባክናል፤ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 20 ዋት ብቻ ነው! በወፍራሙ አርጂ 213 ግን ከ30 ዋት በላይ ይደርሳል።

ዲሽ ላይስ? ኤልኤንቢው የሳተላይቱን ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ያደርገዋል። 11,545 ሜጋኸርዝ የገባው፣ 9,750 ሲቀነስለት 1,795 ሆኖ በኬብሉ ይወርዳል። በዚህ ፍሪኩዌንሲ 60 ሜትር አርጂ 6 ወደ 17 ዴሲቤል ያባክናል። ኤልኤንቢው ግን አስቀድሞ ከ50 ዴሲቤል በላይ ስለሚያጎላው ይህን ይችላል። እንግዲህ የእኛ ቤት ችግር ከዚህ ብቻ የመጣ አልነበረም።

3. የተረሳው ቮልት

ያው ኬብል ሞገዱን ሲያወርድ ለኤልኤንቢው መብራት ያወጣል። 13 ቮልት ሲላክ ቨርቲካል፣ 18 ቮልት ሲላክ ሆሪዞንታል ጣቢያዎች ይመረጣሉ። 18ቱ ወርዶ ከ15 በታች ከሆነ ኤልኤንቢው «13 ተላከልኝ» ብሎ ወደ ሌላው ይዞራል።

ርካሹ ኬብል የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። መሀሉ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። በ1,000 ሜጋኸርዝ ሞገዱ የሚነካው የሽቦውን ቆዳ ብቻ፣ 2 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ ቅቡ ይበቃዋል። ቀጥታ ከረንት ግን በሽቦው ሙሉ ውፍረት ይሄዳል፤ ብረቱ ደግሞ ያዳክመዋል። ሙሉ መዳብ የሆነ አርጂ 6 በኪሎ ሜትር ወደ 21 ኦም ሲሆን፣ ብረቱ ወደ 90 ኦም ይደርሳል። በ60 ሜትር ከመሀል ሽቦው ብቻ ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል። ጥልፉ ሳሳ ያለ፣ ጃኩም የዛገ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ኋላ በመልቲሜትር ስለካ ከሪሲቨሩ 18 ሆኖ የወጣው ዲሹ ጋ ከ15 በታች ሆኖ አገኘሁት።

ምርመራው ቀላል ነው፦ ኬብል ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የመሀል ሽቦው በማግኔት ከተሳበ ብረት ነው። ለ15 ወይም 20 ሜትር ይበቃል፤ ለረጅም ግን ሙሉ መዳብ ግዙ።

4. ኮኔክተር

- ኤፍ፦ ለዲሽ፣ 75 ኦም። የኬብሉ የመሀል ሽቦ ራሱ ፒን ይሆናል።
- ቢኤንሲ፦ ላብ ውስጥ ኦሲሎስኮፕ ላይ የምናዞረው። ስሙ ከፖል ኒልና ከካርል ኮንሰልማን የተወሰደ ነው። የ50ም የ75ም አለው፤ አታምታቱ።
- ኤን፦ ለደጅ የሚሆን፣ ውሃ የሚከላከል፣ እስከ 11,000 ሜጋኸርዝ የሚያገለግል።
- ፒኤል 259፦ ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጠንካራ ነው። ኢምፒዳንሱ ወጥ ስላልሆነ ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ አይመከርም።
- ኤስኤምኤ፦ ትንሽ ናት፤ ግን እስከ 18,000 ሜጋኸርዝ ትደርሳለች።

ስትገጥሙ ከጥልፉ አንዲት ክር እንኳ የመሀል ሽቦውን እንዳትነካ። የደጁን ጃክ በላስቲክ ቴፕ ጠቅልሉ። ውሃው በኬብሉ ላይ ወርዶ ጃኩ ውስጥ እንዳይገባ ከጃኩ በታች ኬብሉን ቀለበት አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። አርጂ 6ን ከ7 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ዙር አትጠፉት።

ማጠቃለያ

በመጨረሻ ዲሹን ወደ ቤቱ አቅርበን በ20 ሜትር መዳብ ኬብልና በአዲስ ጃክ ገጠምነው። ከባድ ዶፍ ሲጥል በ11,000 ሜጋኸርዝ ሞገዱ ራሱ ይደክማልና ለአፍታ መቆራረጡ አልቀረም፤ ግን ክረምቱን ሙሉ ሥዕሉ አልጠፋም። የድሮው ሪሲቨር? ምንም አልሆነም፤ ብሰካው ሠራ። አባቴ አይቶ ሳቀና «በጌንስ ማን ይመልስልኝ?» አለኝ።

እናም ወገኖቼ፣ ዲፓርትመንታችን የሰጠን መልቲሜትር እያለ በግምት አንናገር። ሰው «ተማሪ ነው» ብሎ ያምነናል፤ የምንሳሳተውም በሰው ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ጃኩን፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ሪሲቨሩን በመጨረሻ። ቸር ይግጠመን!