የቤት ሠራተኛዋ ልጅ

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ በሰው ቤት የምትደክሙት ድካም ከንቱ እንዳይመስላችሁ ይህን አስተውሉ። በአሜሪካ የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካፈራቸው ስመ ጥር ሯጮች አንዷ ዊልማ ሩዶልፍ ናት። እናቷ እንደ እናንተ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ዊልማ በሕፃንነቷ ፖሊዮ እግሯን ቢጎዳት፣ እናቷ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ እየተጓዘች በየሳምንቱ ታሳክማት ነበር፤ ማታ ማታም ቤተሰቡ እግሯን ያሹላታል። ያች ልጅ በ1960 እ.ኤ.አ. አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የሮም ኦሊምፒክ 3 የወርቅ ሜዳልያ ወሰደች። በ1963ም በመምህርነት ተመረቀች። ሜዳልያው በልጅቱ አንገት ቢውልም የእናቲቱ ላብ አለበት። እናንተም ለልጆቻችሁና ለታናናሾቻችሁ ትምህርት የምታፈሱትን ላብ እግዚአብሔር ይቆጥረዋል። በያላችሁበት ይጠብቃችሁ፤ አሜን።