የሚከራይ ቤት ሁልጊዜ ገቢ ነውን?

በዐረብ አገር ለፍተው ባጠራቀሙት ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ የሚከራይ ቤት የሚሠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። ሐላል ገቢ ነውና እሰየው! በሂሳባቸው ግን አንድ ነገር እንታዘባለን፤ የወሩን ኪራይ በ12 አባዝተው «ገቢያችን ይህ ነው» ይላሉ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤቱ ባዶ የሚውልበት ጊዜ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የኪራይ ገቢ ግብርም አለ።

በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። «የቀሩትን ክፍሎች በ6 ወር ቅድሚያ አስጨርሳለሁ» ያለ አባወራ ጅምሩ ላይ ይቆማል።

ከሁሉም የከበደው ግን ይሉኝታ ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል?» ተብሎ የተሰጠ ቤት 3 ወር ሳይከፈልበት ሲቀር ባለቤቱ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ልክሰስ ቢልም ማስረጃ የለውም። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር መሆኑን እያወቅን፣ ከዘመድ ጋር መፈራረም እንደ ጥርጣሬ የሚቆጠረው ስለምን ይሆን? የመብራትና የውሃ ሂሳብ የማን እንደሆነ፣ ሲለቀቅም ቤቱን ማን ቀለም እንደሚቀባ ሳይቀር ይጻፍ።