ስድስት መኪና፣ ስድስት ቴሌቪዥን

የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ሕጉ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። አንድ ማሽን፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ካለ ኳሱ ይንከባለላል። ሁለቱም ተጫዋቾች የሚያዩት አንድ ሜዳ ስለሆነ ስክሪን መካፈል የለም።

የመኪና ውድድር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እያንዳንዱ ሾፌር የራሱን መንገድ ማየት አለበት። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል መንገዱ ይጠባል፤ ተፎካካሪህም የአንተን ግማሽ በጎን እየሰረቀ ይነዳል። እ.ኤ.አ በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 3 ለዚህ መላ ይዞ መጣ። ማሽኖቹ «አይሊንክ» በሚባል ገመድ ተያይዘው እስከ ስድስት ሰው በየራሱ ስክሪን ይወዳደራል። ያውም ያለ ኢንተርኔት!

ሲያወሩት ደስ ይላል። እስቲ ሂሳቡን እንምታው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የአንዱ ማሽን ዋጋ 299 ዶላር ነበር፤ ስድስቱ 1,794 ዶላር ይመጣሉ። ለየማሽኑ የየራሱ ዲስክ ያስፈልጋልና በ50 ዶላር ሂሳብ 300 ጨምሩበት። 2,094 ዶላር! ገመዶቹ፣ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሃብና ስድስቱ ቴሌቪዥኖች ገና አልተቆጠሩም። ጓደኛሞች ወጪውን ቢካፈሉት እንኳ የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ቀልድ አይደለም። አንዱ ከቀረ ደግሞ ማሽኑም ቴሌቪዥኑም አብረውት ይቀራሉ።

የባሰው ኋላ መጣ። ሶኒ በ2003 ባወጣቸው ማሽኖች ላይ የአይሊንክ መሰኪያውን አስቀረው። አዲሱን ማሽን የገዛ ሰው ያንኑ ጨዋታ ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በገመድ መገናኘት አልቻለም። በ2004 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 4 በተለመደው የኔትወርክ ገመድ ስድስት ሰው ቢያገናኝም ስድስት ማሽንና ስድስት ስክሪን መጠየቁ አልቀረም።

ዛሬ ወሬው ሁሉ ኢንተርኔት ሆኗል። እሱም ቢሆን በነጻ አይደለም፤ በ2013 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ጀምሮ አብዛኞቹን ጨዋታዎች በኢንተርኔት ለመጋጠም የአባልነት ክፍያ ይጠየቃል። መስመሩ ሲቋረጥ ውድድሩም አበቃ ማለት ነው።

በየራስ ስክሪን መንዳት ጣዕሙ ሌላ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ማሽን የሌለው ልጅ እዚያ ተመልካች ብቻ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤቱ አግዳሚ ላይ ግን ሳንቲሙን ይዞ ተራውን ከጠበቀ የሰፈሩን ሻምፒዮን «ተነስ!» የማለት ዕድል አለው።